ከሰንጠረዥ ገበታ እስከ ሩዝ ማሳ፦ የቼዝ ሻምፒዮንና የሳይንቲስት ብልህነት

በወረታ፣ በፎገራ ሜዳና በዙሪያው የምትከታተሉን አድማጮች፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚከራከሩበትን ጥያቄ ይዟል። የዓለም የቼዝ ሻምፒዮንና ታላቅ ሳይንቲስት በአእምሮ ቢመዘኑ ማን ይበልጣል? ክርክሩ የልጆች ብቻ አይደለም። ወላጅና መምህር አንዱን ልጅ ጎበዝ፣ ሌላውን ሰነፍ የሚሉበት ሚዛን እዚሁ ጥያቄ ውስጥ አለ፤ ሚዛኑ ሲዛባ የሚጎዳው ደግሞ ልጁ ነው።

ስለ ቼዝ ለማውራት ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ከወረታ መገንጠያ በወልድያ መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ብንሄድ ደብረ ታቦር እንደርሳለን። በእ.ኤ.አ. 1840ዎቹ (ዛሬ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከተማዋ የራስ አሊ መቀመጫ ነበረች። እንግሊዛዊው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በ1849 ከራስ አሊ ጋር ውል የተፈራረመው በዚያ ዘመን ነው። ፕላውደን በ1860 ሞተ፤ የጉዞ መጽሐፉም ከሞቱ በኋላ በ1868 ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በአገራችን መኳንንት ዘንድ የተለመደውን፣ ሰንጠረዥ የሚባለውን የቼዝ ዓይነት ከነሕጉ አስፍሮታል። ጨዋታው ከዚያም በፊት የነበረ ነው፤ ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር በ16ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ መረጃ አለ። ይህን ሁሉ አሰባስበው በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ያወጡት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው።

ሰንጠረዥን ዛሬ ከምናውቀው ቼዝ የሚለየውን ልብ በሉ። ገበታው 64 ቤት አለው፤ ቤቶቹ ግን ነጭና ጥቁር እየተባሉ አይለዩም፤ በቀይ ጨርቅ ላይ መሥመር ብቻ ይሠመራል። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረሰኛ፣ ደር (በቼዝ ሩክ) እና መደቅ (ተራው ወታደር) ይሰለፋሉ። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚራመደው፤ ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። ትልቁ ልዩነት አጀማመሩ ላይ ነው። መጀመሪያ ወረራ ይባላል፤ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች የፈለጉትን ያህል፣ በፈለጉት ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ ፈረሰኛውን ወደ ግራ ሲያወጣ ሌላው ዓይቶ ደሩን ይመልሳል፤ ያኛው ደግሞ ይህን ዓይቶ የራሱን ያፈርሳል። የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ እጅ አያርፍም። ከዚያ በኋላ ነው በየተራ መጫወት የሚጀመረው። ዙሪያውን የተቀመጠው ሰውም ዝም አይልም፤ ይመክራል፣ ያሞግሳል።

ደስ የሚለኝ ሌላው ሕግ የአሸናነፉ ማዕረግ ነው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረሰኛ መግደል ማሸነፍ ቢሆንም ብዙ አያስመሰግንም። በፊል ወይም በፈርዝ የገደለ ይደነቃል፤ በመደቅ የገደለማ ስሙ ይነሣል። አያቶቻችን ከድሉ ጋር የድሉን ውበት ይመዝኑ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ብዙ ሰው ክርክሩን በቁጥር ሊፈታው ይፈልጋል፤ አይኪው በሚባለው የአእምሮ ብቃት መለኪያ። ስለ ጋሪ ካስፓሮቭ፣ ከ1985 እስከ 2000 የዓለም ሻምፒዮን ስለነበረው ሰው፣ አይኪው 190 ነው የሚል ወሬ ለብዙ ጊዜ ሲናፈስ ኖሯል። በ1987 ደር ሽፒገል የተባለው የጀርመን መጽሔት ባለሙያዎች ይዞ ሄዶ በደንብ አስፈተነውና 135 አገኘ። ጥሩ ውጤት ነው፤ ግን ከወሬው እጅግ ያነሰ ነው። ሪቻርድ ፋይንማን ደግሞ በ1965 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ነው፤ ተማሪ ሳለ ተፈትኖ ያገኘው 125 ነበር። እንግዲህ ቁጥሩን ካመንን ካስፓሮቭ ፋይንማንን በ10 ነጥብ በለጠው ብለን መዝጋት ሊኖርብን ነው። የሁለቱን ሥራ የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ ያለ ፍርድ አይሰጥም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተፈጽሟል። ሉዊስ ተርማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1921 ጀምሮ በአይኪው ፈተና እጅግ የላቁ ልጆችን እየመረጠ ከ1,500 በላይ ሰበሰበ፤ ሕይወታቸውንም ለአሥርት ዓመታት ተከታተለ። ከተመረጡት መካከል ብዙዎቹ የተሳካ ኑሮ ኖረዋል፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ግን አልነበረም። ተፈትነው ነጥባቸው አልሞላም ተብለው ከቀሩት ልጆች መካከል ግን ዊልያም ሾክሌይ በ1956፣ ሉዊስ አልቫሬዝ በ1968 በፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። መለኪያው ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ነገር በትክክል ይለካል። ታላቅ የሚያደርገውን ነገር ግን ወንፊቱ አልያዘውም።

ለመሆኑ የቼዝ አዋቂ ጭንቅላት እንዴት ነው የሚሠራው? አድሪያን ደ ግሮት የተባለ ሆላንዳዊ፣ እሱም ቼዝ ተጫዋች፣ በ1946 ባወጣው ጥናት ይህን መረመረ። የሁሉም ሰው ግምት ታላቁ ተጫዋች ከሌላው ይልቅ ብዙ እርምጃ አስቀድሞ ያሰላል የሚል ነበር። ያገኘው ግን ሌላ ነው፤ ታላላቆቹ ከመካከለኞቹ እምብዛም ርቀው አያሰሉም። መጀመሪያ ሲያዩ ትክክለኛውን ቦታ ነው የሚያዩት። በ1973 ዊልያም ቼዝ እና በኋላ በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ኸርበርት ሳይመን በአሜሪካ ፈተናውን አጠበቁት። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ገበታ ለ5 ሰከንድ ብቻ አሳይተው ሸፈኑት፤ ከዚያም «ያያችሁትን ደርድሩ» አሉ። ጀማሪው 4 ገደማ ጠጠሮችን አስታወሰ፤ የቼዝ ሊቁ ወደ 16 አስታወሰ። ቀጥለው ጠጠሮቹን እንዲሁ በዘፈቀደ በተኗቸው። አሁን የሊቁ ብልጫ ከሞላ ጎደል ጠፋ።

ይህ ግኝት በጣም ትልቅ ነገር ይነግረናል። የሊቁ ማስታወስ ችሎታ በተፈጥሮ ከሰው የተለየ ቢሆን ኖሮ የተበተነውንም በያዘው ነበር። የያዘው ትርጉም ያለውን ብቻ ነው። በዓመታት ልምምድ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አሰላለፎችን ስላከማቸ፣ እኛ 20 ጠጠር የምናይበትን ቦታ እሱ አራት አምስት የሚያውቃቸው ቡድኖች አድርጎ ያየዋል። በ2016 የታተመ አንድ የጥናቶች ድምር ምርመራም በአእምሮ ብቃት መለኪያዎችና በቼዝ ችሎታ መካከል ግንኙነት እንዳለ፣ ግን ደካማ እንደሆነ አሳይቷል፤ ፍጹም ግንኙነት 1 ቢባል ይህ 0.24 ያህል ነው።

በአካባቢያችን ይህን ዓይነቱን ችሎታ የሚያውቅ ትምህርት ቤት አለ። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ምስክር የሚሰጥበት ደብር ነው፤ ተማሪው ያን ሁሉ ዜማ ከነምልክቱ በቃሉ ይዞ ነው የሚመሰክረው። የድጓ ተማሪ ፊደልን አንድ በአንድ አይዝም፤ ዜማውን በየስልቱ፣ በየምልክቱ ሰብስቦ ነው የሚያጠናው። የቅኔ ቤት ግን ሌላ ዓለም ነው። ቅኔ ቆጣሪ ትናንት የተባለውን ይዞ ከመምህሩ ፊት አይቀርብም። አዲስ መሆን አለበት፤ ሰምና ወርቁ ከዚያ ቀን ውስጥ መውጣት አለበት። ሁለቱንም ሊቃውንቱ ያከብራሉ፤ አንዱን በሌላው ሚዛን ግን አይመዝኑም። ይህን ማስተዋል ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ይልቅ አብነት ቤቱ ቀድሞ የያዘው ይመስለኛል።

ቼዝና ሳይንስ በአንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙስ? ኢማኑኤል ላስከር ከ1894 እስከ 1921 ለ27 ዓመት የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን ነበር፤ እስካሁን ይህን ያህል በተከታታይ የቆየ የለም። በሒሳብም ዶክተር ነው። በ1905 ያወጣውን የአልጀብራ ሥራ ኤሚ ኖይተር በ1921 አስፋፋችው፤ ዛሬም በዩኒቨርሲቲ ይማሩታል። 1905 አልበርት አይንስታይን የልዩ አንጻራዊነት ጽሑፉን ያሳተመበት ዓመትም ነው። ሁለቱ በርሊን ውስጥ ወዳጆች ሆኑ፤ አብረው እየተንሸራሸሩ ይከራከሩ ነበር። ላስከር የብርሃን ፍጥነት በፍጹም ባዶ ቦታ ውስጥ አይለወጥም የሚለውን መነሻ አልተቀበለውም፤ ፍጹም ባዶ ቦታ ውስጥ ማን ለክቶት ነው ይል ነበር። ጥያቄው ጥሩ ነው። አይንስታይን ግን ሁሉም መረጃ እስኪሟላ ሳይጠብቅ፣ ያለውን ይዞ መነሻውን መረጠና ተጓዘ። በኋላ ስለ ላስከር ሕይወት በተጻፈ መጽሐፍ መቅድም ላይ አይንስታይን በአክብሮት ያነሣዋል፤ ቼዝ ግን የዚያን ታላቅ አእምሮ ነፃነት አስሮ እንደያዘው የተሰማውን ሐዘን አልደበቀም።

እኔ ልዩነቱን እዚህ ላይ ነው የማየው። የቼዝ ተጫዋች ሁሉ ነገር ፊቱ ላይ ነው። 64 ቤት አለ፤ የተደበቀ ጠጠር የለም፤ ሕጉ በመሐል አይለወጥም፤ ማሸነፍ ምን ማለት እንደሆነ ከመቀመጡ በፊት ያውቀዋል። ሳይንቲስት ግን ገበታው የት እንደሚያልቅ አያውቅም። የትኛው ጠጠር እንደሆነ፣ የትኛው ተራ ድንጋይ እንደሆነ ራሱ መለየት አለበት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጥያቄውን መምረጥ አለበት፤ የተሳሳተ ጥያቄ የመረጠ ሰው 30 ዓመት በብልህነት ሠርቶ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

ምሳሌ ከአገራችን ልስጥ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ያጠና ነበር። በሽታውን በጣና ዙሪያ ያላችሁ አድማጮች ታውቁታላችሁ፤ ትሉ የሚያድገው በውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ነው። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥቡ ነበር። አክሊሉ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ሲመለከት የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። እንዶድ በኢትዮጵያ ስንት መቶ ዘመን ታጥቦበታል? ስንት ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አልፏል? ጥያቄው ግን የተጠየቀው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የዓመታት ሙከራና ሙግት ነበር፤ በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ከጣና ወዲያ ማዶ፣ ከፍኖተ ሰላም የተገኘችው ዶክተር ሰገነት ቀለሙም ጥያቄዋን ከብት በሚበላው ሣር ውስጥ ነው ያገኘችው፤ በሣሩ ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ተክሉን እንዴት እንደሚረዱት በመመርመሯ በ2014 የሎሬያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሰጥቷታል።

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳችን ላይ ይተኛሉ። ድሮ ያ መሬት ውኃው እስኪሸሽ ተጠብቆ ጓያና ሽምብራ የሚዘራበት፣ የፎገራ ላም የሚግጥበት ነበር። ውኃው ጠላት ነበር። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ጅግና በተባለ ቦታ ሩዝ ሲሞከር ጥያቄው ተገለበጠ፤ ውኃውን እንዴት እናስወግደው መባሉ ቀርቶ ውኃ የሚወድ ምን እንዝራበት ተባለ። ዛሬ ሩዙ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፤ ጭዱ ለከብት ነው፤ ወረታ ውስጥ ደግሞ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆሟል።

በማዕከሉ ዓይነት ማሳ ላይ ሁለት ዝርያ እንዴት እንደሚዳቀል ላሳያችሁ። የሩዝ አበባ ከጥፍር ታንሳለች፤ ውስጧ ስድስት የወንዴ ዘንጎችና የሴቴው አካል አብረው ስላሉ ራሷን በራሷ ታዳቅላለች። ስለዚህ ተመራማሪው አበባዋ ሳትከፈት ከሰዓት በኋላ ጫፏን በመቀስ ይቆርጣል፤ ስድስቱን ዘንጎች በወረንጦ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ አንዲት ከቀረች ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ የወረቀት ከረጢት ያለብሳታል። በማግሥቱ ረፋድ ላይ፣ አባት እንዲሆን ከተመረጠው ዝርያ ያበበ ዘለላ አምጥቶ ከላይ ያራግፍባታል። አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ጥቂት ፍሬ ይለቅማል። የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም ይመሳሰላል። ሁለተኛው ትውልድ ሲዘራ ማሳው ይበታተናል፤ ረጅም፣ አጭር፣ ቶሎ የሚደርስ፣ የሚዘገይ፣ ሺህ ዓይነት። ከዚያ መካከል ይመርጣል፤ እንደገና ይዘራል፤ እንደገና ይመርጣል። ዝርያው እስኪረጋ፣ በየቦታው ተሞክሮ እስኪለቀቅ አሥር ዓመት ሊወስድ ይችላል። ጉማራ፣ እድገት፣ ሻጋ የምትሏቸው ዝርያዎች ሁሉ ከረጅም ሙከራና ምርጫ በኋላ ነው ማሳችሁ የደረሱት።

ለዚህ ሥራ ምን ዓይነት ጭንቅላት ያስፈልጋል? ፈጣን ስሌት የሚጠይቅ ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ትዕግሥት፣ መዝገብ አያያዝ፣ ዓይን፣ ከዚያም በላይ ገበሬውን መስማት ያስፈልጋል። ፎገራ ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ያለ ነው። ዘለላው ሊወጣ አንድ ሳምንት ከግማሽ ሲቀረው ሌሊቱ ከበረደ ፍሬው አይሞላም፤ ገለባ ሆኖ ይቀራል። ኤክስ-ጅግና የተባለው አሮጌው ዝርያ ይህን ያህል ዘመን ያልተጣለው ብርዱን ስለሚችልና እንጀራው ስለሚወደድ ነው። ምርት ብቻ ቆጥሮ የመጣ ባለሙያ ይህን አያየውም።

ቼዝን እያሳነስኩ እንዳይመስላችሁ። ከቼዝ ገበታ ሳይንስ የወጣበት ጊዜ አለ። አላን ቱሪንግ፣ የኮምፒውተርን ሐሳብ ከመሠረቱት አንዱ፣ በቼዝ ደካማ ተጫዋች ነበር፤ ሆኖም ማሽን ቼዝ የሚጫወትበትን መመሪያ በወረቀት ጽፎ በ1952 ራሱ እንደ ማሽን ሆኖ መመሪያውን እየተከተለ ተጫወተ፤ ተሸነፈም። በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው የአይቢኤም ኮምፒውተር በሰከንድ 200 ሚሊዮን አሰላለፍ እየመረመረ ካስፓሮቭን አሸነፈ። ዴሚስ ሃሳቢስ ደግሞ በ13 ዓመቱ ማስተር ደረጃ የደረሰ የለንደን ልጅ ነው። ያን ሁሉ አእምሮ በገበታ ዙሪያ ከማፍሰስ ለበሽታና ለትልቅ ችግር ማዋል ይሻላል ብሎ ከውድድር እንደራቀ ራሱ ይናገራል። ከሌሎች ጋር የመሠረተው ድርጅት በ2017 ቼዝን ከራሱ ጋር በመጫወት ብቻ የሚማር አልፋ ዜሮ የተባለ ፕሮግራም ሠራ፤ ፊቱንም ወደ ፕሮቲን ቅርጽ አዞረ። በ2024 ሃሳቢስ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ማሽኑ ሻምፒዮኖችን ካሸነፈ ቆይቷል፤ ፕሮቲንን እንመርምር ያለው ግን ሰው ነው።

ልጆቼን ቼዝ ባስተምር ሒሳብ ይጎብዛሉ ወይ ለምትሉ ወላጆች፣ በ2016 ውጤቱ የወጣ 100 የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶችን ያሳተፈ ሙከራ አለ። ቼዝ ከተማሩ ከዓመት በኋላ በሒሳብ ፈተና ልዩነት አልታየም። አስተምሯቸው፤ ለራሱ ለጨዋታው ስትሉ አስተምሯቸው። ትኩረትን፣ ተሸንፎ ተነሥቶ እጅ መጨበጥን የሚለምዱበት ነገር ውድ ነው፤ ሰንጠረዥ ደግሞ የገዛ ቅርሳቸው ነው።

የቤት ሥራ እንሰጣችኋለን፤ እርሳስና ወረቀት ያዙ። ቼዝ የሚችል አንድ ተማሪና የማይችል አንድ ተማሪ ምረጡ። ሦስተኛ ሰው ከተጀመረ ጨዋታ ላይ 20 ጠጠር ያህል ያለበት ገበታ ያዘጋጅ፤ ለእያንዳንዳቸው ለብቻቸው ለ5 ሰከንድ ያሳያቸው፤ ይሸፍነው። ያስታወሱትን ባዶ ገበታ ላይ ይደርድሩ፤ ትክክለኛውን ቁጠሩ። ቀጥሎ እነዚያኑ 20 ጠጠሮች ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በትኑና ድገሙት። ከአንድ ጊዜ ይልቅ በአምስት የተለያዩ ገበታዎች ብትሞክሩት ይሻላል፤ አንዱ ውጤት በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ቼዝ የሌላችሁ በገበጣ ሞክሩት፤ መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድም ይሠራል፤ በየጉድጓዱ ያለውን ጠጠር ብዛት ነው የምታስታውሱት። በገበጣ ሲሆን ውጤቱ ከቼዙ ጋር ይመሳሰል ይሆን? ከመጀመራችሁ በፊት ግምታችሁን ጽፋችሁ ወረቀቱን እጠፉት፤ ውጤቱ ከግምታችሁ ቢለይ የጻፋችሁትን አትሰርዙ፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጋችሁ ላኩልን።